የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ፍራሽ ነው የጫንኩት፣ ምን ያስፈራል?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም የሚጠይቁት ተቀራራቢ ነገር ነው፦ አንዳንድ እሳት ከተገመተው በላይ የሚነደው ለምንድን ነው? ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮሎራዶ ውስጥ የትራክ ሾፌር ነኝ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ስንነዳ የአይዘንሃወርን ዋሻ እናቋርጣለን። ሃዝማት (አደገኛ ዕቃ) የጫነ፣ ፕላካርድ (የአደገኛ ጭነት ምልክት) የለጠፈ መኪና ግን በዋሻው አያልፍም፤ በላቭላንድ ፓስ ተራራውን ዞሮ ይሄዳል። እኔ የምጭነው ደረቅ ጭነት ነው፤ ፍራሽ፣ ሶፋ፣ የፕላስቲክ ዕቃ። ስለዚህ ዘና ብዬ ነው የማልፈው። በቀደም ትራክ ስቶፕ ላይ አንድ ያገር ልጅ «ያንተ ፍራሽ ዋሻ ውስጥ ቢቀጣጠል ከቤንዚን ብዙም አይተናነስም» አለኝ። ሳቅሁበት። እሱ ግን የምሩን ነው። አገር ቤት እያለሁ ጣርማበርን ስንቴ እንዳቋረጥኩ እግዜር ይወቀው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ፍራሽ ነው የጫንኩት፣ ምን ያስፈራል?
— የትራክ ሾፌር፣ ከዴንቨር

መልስ፦ ያገርህ ልጅ ልክ ነው ልጄ። ሳቅህን መልስ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው። ኋላ ስዊድን መጥቼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእሳት መሞከሪያ ምድጃ አጠገብ ሠራሁ። በር፣ ግድግዳ፣ ኮንክሪት እናቃጥላለን፤ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም እንመዘግባለን። ምድጃውን የምናግለው በተወሰነ መስመር ነው። የተለመደው መስመር በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 945 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። እሱ የወጣው እንጨት፣ ወረቀትና ጨርቅ ያለበት ቤት ሲቃጠል ምን ይሆናል ተብሎ ነው። ሆላንዶች ደግሞ «ነዳጅ የጫነ ቦቴ ዋሻ ውስጥ ቢነድስ?» ብለው ሌላ መስመር አወጡ። እሱ እስከ 1,350 ዲግሪ ይወጣል። ተራ ጭነት በታችኛው፣ ቦቴ በላይኛው ይለካል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የሚያስበው።

ይህን ሐሳብ ያናጋው ማርጋሪን ነው።

ማርች 24 ቀን 1999 ማቀዝቀዣ ካሶኒ ያለው አንድ የጭነት መኪና ከፈረንሳይ ወደ ኢጣሊያ በሞንት ብላንክ ዋሻ ውስጥ ይጓዛል። ዋሻው 11.6 ኪሎ ሜትር ነው። ጭነቱ 9 ቶን ማርጋሪንና 12 ቶን ዱቄት። ፕላካርድ የለውም፤ ለማርጋሪን ምን ይለጠፋል? ከፊት የሚመጡ መኪኖች መብራት ብልጭ ድርግም ሲያደርጉበት ሾፌሩ ጭሱን አየ። ዋሻው መሃል አካባቢ ቆመ። ወርዶ ሊያጠፋ ሲል እሳቱ በአንዴ ገነፈለበት፤ ሮጦ አመለጠ። ከኋላው የመጡት ግን ተደርድረው ቆሙ። በኢጣሊያ በኩል ያሉት ተቆጣጣሪዎች ጭሱን ወደ ውጭ ከመሳብ ይልቅ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ አስነፉ። አየሩ ለእሳቱ ወናፍ ሆነለት። ጭሱንም ሰዎቹ ወደቆሙበት ወደ ፈረንሳይ በኩል ገፋው። 39 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ የተገኙት እዚያው መኪናቸው ውስጥ ነው። እሳቱን ለማጥፋት 53 ሰዓት ፈጀ፤ ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ዋሻው እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው።

ይህ ሁሉ ከማርጋሪን እንዴት ወጣ? ሒሳቡን ለመሥራት ላቦራቶሪ አያስፈልግህም፤ የማርጋሪን ዕቃ ላይ የተጻፈውን ካሎሪ ማየት ይበቃል። 100 ግራሙ 700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ዱቄት ደግሞ 360 ገደማ። ሆድህ ውስጥም ነደደ፣ ካሶኒ ውስጥም ነደደ፣ የሚወጣው ጉልበት ያው ነው። 9 ቶኑንና 12 ቶኑን አስላና ደምር። ከ12 ሺህ ሊትር ናፍጣ ጋር የሚወዳደር ጉልበት ታገኛለህ። ይህ የካሶኒውን የፎም ሽፋን፣ ጎማውንና የመኪናውን የራሱን ነዳጅ ሳንጨምር ነው። 12 ሺህ ሊትር ናፍጣ የጫነ መኪና ቢሆን ኖሮ ማንም በግዴለሽነት አያሳልፈውም ነበር።

በዚያው ዓመት በሜይ ኦስትሪያ ውስጥ የታወርን ዋሻ ነደደ፤ 12 ሰው ሞተ። በ2001 ደግሞ የስዊዘርላንዱ ጎታርድ፤ 11 ሰው። እዚያኛው ላይ ከጭነቱ አንዱ የመኪና ጎማ ነበር። አሁን መሐንዲሶቹ መደናገጥ ጀመሩ። ምክንያቱም የዋሻ መመሪያዎች ተራ ዕቃ ለጫነ ትልቅ መኪና የሚገምቱት እሳት ከ20 እስከ 30 ሜጋ ዋት ነበር። የአየር ማራገቢያው መጠን፣ የጣሪያው መከላከያ፣ ሁሉም ነገር የተሰላው በዚያ ቁጥር ነው።

ስለዚህ በ2003 ኖርዌይ ውስጥ ሩነሃማር የሚባል አገልግሎት ያቆመ ዋሻ ተመረጠ። የትሬለር ጭነት የሚያህል ክምር እዚያ አስቀምጠው አራት ጊዜ አቃጠሉ። ቤንዚን የለም፣ ኬሚካል የለም። የእንጨት ፓሌት ከፕላስቲክ ፓሌት ጋር። የእንጨት ፓሌት ከስፖንጅ ፍራሽ ጋር። የቤት ዕቃ። በካርቶን የታሸገ የፕላስቲክ ኩባያ። ዲስፓቸርህ (ጭነት መዳቢህ) በየሳምንቱ የሚልክልህ ሎድ ማለት ነው።

የመጀመሪያው 202 ሜጋ ዋት አወጣ። ጊልገል ጊቤ አንድ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 184 ሜጋ ዋት ነው። ፓሌት የጫነ አንድ ትሬለር ከግድቡ በለጠ። በእርግጥ ግድቡ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል፤ ትሬለሩ ለደቂቃዎች ነው። ግን እነዚያ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ያንተ ፍራሽ 157 ሜጋ ዋት ደረሰ። የቤት ዕቃው 119። ኩባያውና ካርቶኑ፣ ክብደቱ 3 ቶን እንኳ ሳይሞላ፣ 66። ከአራቱ አንድም በመመሪያው ግምት ውስጥ የቆየ የለም። ጣሪያው ሥር ያለው ጋዝ ከ1,250 ዲግሪ አልፎ እስከ 1,350 ተጠጋ። የቦቴው መስመር ላይ ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል? ሜዳ ላይ የሚነድ ነገር አብዛኛውን ሙቀቱን ለሰማይ ነው የሚሰጠው። ዋሻ ውስጥ ሰማይ የለም። ነበልባሉ ጣሪያውን ገጭቶ ይተኛና በጣሪያው ሥር ይረዝማል፤ ከላይ ሆኖ ጭነቱን መልሶ ይጠብሰዋል። የተጠበሰው ጭነት የበለጠ ጋዝ ይተፋል፤ ጋዙ ይነዳል፤ ጣሪያው የበለጠ ይግላል። በዚያ ላይ ፓሌት በተፈጥሮው ክፍተት ስላለው አየር እንደልቡ ይገባዋል። የስፖንጅ ፍራሽ ደግሞ ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ለእሳት የሚያጋልጠው ገጽ ስፍር ቁጥር የለውም። ከላይ ሸፍነህ በሸራ ስታስረው ገራም ይመስላል።

ፕላካርድ ሞኝነት ነው እያልኩህ አይደለም። ፕላካርድ የሚናገረው ዕቃው በስንት ቀላል ምክንያት እንደሚቀጣጠል፣ እንደሚፈስ፣ እንደሚፈነዳ፣ እንደሚመርዝ ነው። አንዴ ከተያያዘ በኋላ ስንት ሙቀት እንደሚያወጣ አይናገርም። ቤንዚን በሰከንድ ይዛመታል፣ በቦይ ይፈሳል። በሩነሃማር ክምሮቹ ጫፍ ላይ የደረሱት ከ7 እስከ 18 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልዩነታችሁ ይህ ነው። አንተ ጥቂት ደቂቃ አለህ። ቤንዚን የጫነው የለውም።

ዋሻ ብቻ እንዳይመስልህ። አትላንታ ያሉ አንባቢዎቼ ይህን አይረሱትም። ማርች 30 ቀን 2017 ኢንተርስቴት 85 ድልድይ ሥር ተከምሮ የነበረ የፕላስቲክ ቱቦ ተቃጠለ። የኬብል ማስገቢያ ቱቦ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ማንም እንደ ነዳጅ አልቆጠረውም። ድልድዩ ግን ሥሩ ቦቴ የነደደ ይመስል ተደረመሰ። መኪኖች ቀድመው ስለታገዱ ሰው አልሞተም። መንገዱ ሳምንታት ተዘጋ፤ ከተማው በትራፊክ ታነቀ።

እንግዲህ ለአንተ የሚጠቅመውን ልንገርህ። ወደ ዋሻ ከመግባትህ በፊት ፍሬንህንና ጎማህን እይ። ብዙ የጭነት መኪና እሳት የሚነሳው ከጋለ ፍሬን፣ ከጎማና ከሞተር እንጂ ከጭነቱ አይደለም። ውስጥ ገብተህ ጭስ ካየህና መኪናው የሚሄድልህ ከሆነ፣ ነድተህ ውጣ፤ መሃል ላይ አትቁም። የማይሄድ ከሆነ ወደ ዳር አስጠግተህ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን እዚያው ተወው፣ ውረድ፣ በእግርህ ሂድ። መስኮት ዘግቶ መጠበቅ ሞንት ብላንክ ላይ ማንንም አላዳነም። ስለ ንብረቱ ኢንሹራንሱ ያስብ።

ጣርማበር ለምን አላስፈራህም? አጭር ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በእግር ሮጠህ ትወጣለህ። አይዘንሃወር 2.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ። እዚያ ለመሮጥ ሳንባህም ላይተባበርህ ይችላል። ግን ጣርማበርም ቢሆን ጎማ የጫነ መኪና ውስጡ ቢነድ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ነው የማልፈው፤ የሥራ ጠባይ ሆኖብኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የፊዚክስ መምህራችን የሻማ ነበልባል ከ1,000 ዲግሪ በላይ እንደሚሞቅ ነገረን። ታዲያ ሻማ ይህን ያህል ከሞቀ፣ «ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ደረሰ» እየተባለ በዜና የሚወራው ምኑ ያስገርማል?
— ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ጎበዝ! መምህርሽን አመስግኚልኝ። ልክ ነው፤ የሻማ ነበልባል በጣም የሚሞቀው ቦታ ላይ 1,400 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ግን የሻማ አቅሙ 80 ዋት ገደማ ነው። ብረት ምሰሶ ሥር ብትይዢው፣ ብረቱ የሚሰጡትን ሙቀት ወዲያው በሰውነቱ ሁሉ በትኖ ለአየር ያስረክባል። አይግልም። ስለዚህ ዲግሪው ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። በሰከንድ ምን ያህል ሙቀት ይወጣል? ለስንት ጊዜ? ሙቀቱስ መሸሻ አለው ወይስ ታፍኗል? እነዚህን ጠይቂ።

ብረት 550 ወይም 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል። አይቀልጥም፤ ይለሰልሳል። ሕንፃ ለመውደቅ ብረቱ እስኪቀልጥ አይጠብቅም። ኮንክሪት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ውስጡ እርጥበት አለ። በፍጥነት ሲግል እርጥበቱ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ያጣል፤ ከዚያ ኮንክሪቱን እየፈነቀለ ይበትነዋል። ምድጃው ውስጥ ሲፈነዳ ድምፁ በግድግዳ በኩል ይሰማን ነበር። አዲስ የሚመጡ ሠራተኞች ሁሉ ይደነግጣሉ። በ1996 እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚያገናኘው የባሕር ሥር የባቡር ዋሻ ውስጥ መኪና የጫነ ባቡር ሲቃጠል፣ የዋሻው የኮንክሪት ሽፋን እንዲህ እየተፈነቀለ ብዙ ቦታ ላይ በጣም ሳስቶ ተገኘ።

ለፈተና የሚሆን ነገር ከፈለግሽ፦ 202 ሜጋ ዋትን ለ80 ዋት አካፍይ። ስንት ሻማ እንደሆነ ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ እያስጨረስን ነው። ኮንትራክተሩ ውጩን በአሉሚኒየም ክላዲንግ (የግድግዳ ልባስ) እናልብሰው ይላል፤ 1,200 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጄ ከለንደን ደውሎ «እማዬ፣ ግሬንፌልን አስታውሺ» ብሎ ጨቀጨቀኝ። ኮንትራክተሩ ደግሞ «ብረት ነው እኮ እማማ፣ ብረት መቼ ይነዳል?» ይለኛል። ማንን ልመን?
— ባለ ሕንፃ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጅዎን ይመኑ እመቤቴ።

ኮንትራክተርዎ የሚያሳይዎት አሉሚኒየም እውነት አሉሚኒየም ነው። ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። መሃሉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሌላ ነገር አለ። የዋጋው ልዩነት ያለው እዚያ ነው። ርካሹ መሃሉ ፖሊኤትሊን ነው፤ የፌስታልና የጄሪካን ፕላስቲክ ዘመድ። ፖሊኤትሊን በኪሎ ሲለካ ከቤንዚን የማያንስ ሙቀት ያወጣል። ስሌቱን ልሥራልዎት። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር ወደ 2.8 ኪሎ ይመዝናል። ያ 4 ሊትር ቤንዚን ገደማ ነው። በ1,200 ካሬ ሜትር ሲባዛ ወደ 5 ሺህ ሊትር ቤንዚን ሕንፃዎ ላይ ሰቅለው ይኖራሉ ማለት ነው። ያውም ሽቅብ ተዘርግቶ፤ እሳት ደግሞ ሽቅብ መሄድ ነው የሚወደው።

ግሬንፌል ለንደን ያለ ባለ 24 ፎቅ የኮንክሪት መኖሪያ ሕንፃ ነበር። በ1970ዎቹ የተሠራ። ኮንክሪቱ ጥሩ ነበር፤ የአንዱ ቤት እሳት ወደ ሌላው እንዳይሄድ ሆኖ ነው የተሠራው። ለዚህም ነው ነዋሪዎች «እሳት ቢነሳ ቤታችሁ ቆዩ» ይባሉ የነበረው። ከዚያ በ2016 እድሳቱ አለቀ፤ ሕንፃው አዲስ ልብስ ለበሰ። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት አራተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ወጥ ቤት ፍሪጅ ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው የወጥ ቤቱን እሳት አጠፉ። ግን እሳቱ በመስኮቱ በኩል ወጥቶ ልብሱን ይዞ ነበር። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጣሪያው ላይ ደረሰ። 72 ሰው ሞተ። ከእነሱ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ፤ ሕፃናትም። «ቤታችሁ ቆዩ» የሚለው ምክር የተነሳው እሳቱ ሕንፃውን ከያዘው በኋላ ነው።

እኔን የሚያበሳጨኝ «ያልተጠበቀ ነው» ሲባል ነው። እንግሊዝ አገር በ2001 እንዲህ ዓይነት መሃሉ ፖሊኤትሊን የሆነ ልባስ በትልቅ ግድግዳ ላይ ተሞክሮ ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ እሳቱ ከመሞከሪያው ግድግዳ በላይ ስለወጣ ሙከራው እንዲቋረጥ ተደረገ። ውጤቱ ግን ለሕዝብ አልወጣም። በዚያ ላይ ይህ ዕቃ ጥሩ የእሳት ደረጃ ነበረው። ደረጃውን ያገኘው እንዴት ነው? ሙከራው የሚመዝነው የላይኛውን ገጽ ነበር። የላይኛው ገጽ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ሲግል ግን፣ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ፕላስቲኩ ራቁቱን ይቀራል። ኮንትራክተርዎ የሚነግርዎት የላይኛውን ገጽ ነው፤ ልጅዎ የሚነግርዎት የመሃሉን።

ዱባይ ያሉ አንባቢዎቼም ያውቁታል። ቶርች የሚባለው ፎቅ በ2015 ነደደ፤ በ2017 ደግሞ እንደገና ነደደ። በ2015 የአዲስ ዓመት ዋዜማ አንድ ሆቴል ርችት ለማየት በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ከታች እስከ ላይ ተቃጥሏል።

ምን ያድርጉ? ናሙና ያስመጡና ጠርዙን አስቆርጠው ይዩት። በሁለቱ ቆርቆሮዎች መሃል ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ፕላስቲክ ካለና በጥፍርዎ ጫር ሲያደርጉት የሚላጥ ከሆነ ጥርጣሬ ይግባዎ። ክብሪት መለኮስ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ትንሽ ቁራጭ የማይነደው ነገር በግድግዳ ሙሉ ሊነድ ይችላል። ወረቀት ይጠይቁ። መሃሉ «ኤ2» የሚባለው ደረጃ (እምብዛም የማይነድ ማለት ነው) ያለው ወይም ሙሉ አሉሚኒየም ይሁን። ሻጩ «ኤፍ.አር. ነው፣ እሳት ይከላከላል» ካለዎት ያ የተሻለ ነው እንጂ የማይነድ አይደለም። ከጀርባው ፎም እንዳይደረግ፤ ሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ሱፍ መሰል ሽፋን) ይደረግ። በየፎቁ ከልባሱ ጀርባ የእሳት ማገጃ ይኑር፤ አለበለዚያ ክፍተቱ ጭስ ማውጫ ይሆናል።

አይ፣ ይህ ሁሉ ውድ ነው ካሉ ደግሞ ልስን አስለስነው ቀለም ያስቀቡ። አዲስ አበባ መስታወትና ቆርቆሮ ካላብለጨለጨ ዘመናዊ አይደለም ያለው ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእንጦጦ ልጅ ነኝ። አውስትራሊያ ውስጥ ባህር ዛፍ ሲቃጠል እንደ ቦምብ ይፈነዳል የሚል ቪዲዮ አየሁ። እኛ ደግሞ ባህር ዛፍ መሃል ነው ያደግነው። እውነት ነው? ለምንስ እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን አይታይም?
— ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ዛፉ ራሱ አይፈነዳም። ቅጠሉ ውስጥ ዘይት አለ፤ ለጉንፋን የምትታጠንበት ያው ዘይት። ኃይለኛ ሙቀት ሲመጣ ዘይቱ ተንኖ ከቅጠሉ በላይ ይንሳፈፍና ቦግ ይላል። ሲያዩት የፈነዳ ያስመስላል።

አውስትራሊያውያን እሳታቸውን በሚገባ ያውቃሉ። የአደጋውን መጠን የሚለኩበት ቁጥር ነበራቸው፤ ከ1 እስከ 100። 100 የተባለው በ1939 የደረሰባቸው ክፉ ቃጠሎ ነው፤ ከዚያ የባሰ አይመጣም ተብሎ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 ሜልበርን 46.4 ዲግሪ ሆነ። ከዓመታት ድርቅ በኋላ፣ ደረቅ ንፋስ እያለ። ቁጥሩ ብዙ ቦታ ከ100 አለፈ። በዚያ ቀን በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት 173 ሰው ሞተ፤ ከ2 ሺህ በላይ ቤት ወደመ። ብዙዎቹ የሞቱት ቤታቸውን ለመከላከል የቆዩ ናቸው። ምክሩ እንደዚያ ነበር፦ ወይ በጊዜ ውጣ፣ ወይ ተዘጋጅተህ ቤትህን ጠብቅ። ምክሩ ለለመዱት እሳት ይሠራ ነበር። ለዚያ ቀኑ አልሠራም። ከዚያ በኋላ ከሁሉም በላይ አዲስ ደረጃ ጨመሩ። በዚያ ደረጃ ቀን ትርጉሙ አንድ ነው፦ እሳት ሳይነሳ ውጣ።

የባህር ዛፍ ሌላው ክፋቱ ቅርፊቱ ነው። ነጭ ባህር ዛፍ ቅርፊቱን በረጅም ጥብጣብ እየላጠ እንደሚጥል ታውቃለህ። የጋየ ጥብጣብ በንፋስ ይጓዛል። በዚያ ቀን ከዋናው እሳት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እየወደቀ አዲስ እሳት ያስነሳ ነበር።

እኛ ጋ ለምን አይታይም? የመጀመሪያው ምክንያት አየሩ ነው፤ እንጦጦ 46 ዲግሪ አያውቅም። ሁለተኛውን ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ ሥሩን የጠረጉት ሴቶች ናቸው። ቅጠልና ጭራሮ አስረው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው፣ ከእንጦጦ ወደ ከተማ ሲወርዱ አይተሃል። ለእንጀራ መጋገሪያ። እነሱ እንጀራቸውን ሲፈልጉ ጫካውን ከእሳት ጠበቁት። አውስትራሊያ በቀዝቃዛው ወራት ሆነ ብለው በሚለኩሱት እሳት የሚሠሩትን ሥራ፣ እኛ ጋ በሴቶች ጀርባ ነው የተሠራው። ማንም አልከፈላቸውም።

ቅጠሉ የማይጠረግበት ቦታ ምን እንደሚሆን ፖርቱጋልን እይ። እዚያም ባህር ዛፍ እንደኛው መጤ ነው፤ ለወረቀት ፋብሪካ በሰፊው ተተከለ። የገጠር ሰው ወደ ከተማ ፈለሰ፤ ሥሩን የሚያጸዳ ጠፋ። ጁን 17 ቀን 2017 ፔድሮጋኦ ግራንዴ በሚባል አካባቢ ከ60 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የሞቱት በመኪና ሊያመልጡ ሲሉ፣ ዛፍ በግራና ቀኝ በተተከለበት መንገድ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤቱን ሁሉ ሲሞላ የእንጦጦ ቅጠልም መሬት ላይ ይቀራል። ደስ የሚል ለውጥ ነው፤ የሴቶቹ ጀርባ ያርፋል። ግን ጠራጊ መቅጠር ያስፈልጋል። እናንተም ሰፈር ግቢያችሁ ከባህር ዛፍ ጋር የሚዋሰን ከሆነ፣ ከጥር በፊት ቢያንስ በ10 ሜትር ዙሪያ ቅርፊቱንና ቅጠሉን ጥረጉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይና አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመውን አትርሱ። እርጥብ ቅጠል ከቤት አስጠግታችሁ አትከምሩ፤ ይደርቃል።

የጄኔሬተር ጭስ ጥያቄ የላካችሁልኝ፣ ደርሶኛል፤ በሚቀጥለው እትም እመለስበታለሁ። እስከዚያው ጄኔሬተሩን ከበረንዳው አውጡት።